የኃያላን ጠብና የትንሽ አገሮች ኑሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዜና በተሰማ ቁጥር የሚነሱ ጥያቄዎችን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰባስበናል፤ ዓመቶቹና ወሮቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩክሬን የት፣ እኛ የት! እዚያ ጦርነት ሲነሳ እዚህ ዘይትና ዳቦ ለምን ይወደዳል?

ስንዴ፣ ዘይትና ነዳጅ በብዛት የሚሸጡ አገሮች ጥቂት ናቸው። ገዢው ግን ዓለም በሙሉ ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ሩሲያና ዩክሬን አንድ ላይ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ስንዴ ከሩብ በላይ ያቀርቡ ነበር። የሱፍ ዘይትማ ከግማሽ በላይ የእነሱ ነበር። የዩክሬኑ የኦዴሳ ወደብ ሲዘጋ የአገሪቱ እህል በብዛት ጎተራ ውስጥ ቀረ። ድፍድፍ ነዳጅ በማርች ወር በበርሜል ከ120 ዶላር አለፈ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የምግብ ዋጋ መለኪያም በዚያው ወር ታይቶ የማይታወቅ ከፍታ ላይ ደረሰ።

«እኛ የዩክሬን ዘይት አንገዛም» ማለት አያድንም። የሱፍ ዘይት ያጣው ገዢ ወደ ፓልም ዘይት ዞረ። ፓልም ሲወደድ ኢንዶኔዢያ የራሷን ሕዝብ ለማስቀደም በኤፕሪል 2022 መጨረሻ ወደ ውጭ መላክ ከለከለች። ክልከላው የቆየው ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ ገበያውን ለመረበሽ ግን በቂ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ወጥ የሚሠራበት ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ፓልም ነው። ኦዴሳ ላይ የተነሳው ችግር በጃካርታ ዞሮ ሽንኩርት የሚቁላላበት ድስት ድረስ መጣ።

ቀድሞ የሚጎዳው ምን ዓይነት አገር ነው?

ከአንድ ቦታ ብቻ የሚገዛና ማስቀመጫ የሌለው። ሶማሊያ ስንዴዋን ከሞላ ጎደል ከሁለቱ ተዋጊ አገሮች ታስገባ ነበር፤ ያውም ድርቅ ላይ ሆና ነው ጦርነቱ የደረሰባት። ሊባኖስም አብዛኛውን ስንዴ የምትገዛው ከዩክሬን ነበር።

የሊባኖስ ነገር በተለይ ያሳዝናል። ኦገስት 4 ቀን 2020 ቤይሩት ወደብ ላይ የደረሰው ፍንዳታ የአገሪቱን ዋነኛ የእህል ጎተራ አፍርሶታል። ጦርነቱ ሲመጣ እጇ ላይ የነበረው ስንዴ ለአንድ ወር ገደማ የሚበቃ ብቻ ነበር። ገንዘብ ተገኝቶ ብዙ ስንዴ ቢገዛ እንኳ የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም። የሊባኖስን ውድቀት ኢትዮጵያውያን በደንብ ያውቁታል። በ2020 የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው ቀጣሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ እየጣሉ ሄደዋል። እነዚያ እህቶች በማንም ጠብ ውስጥ እጃቸው አልነበረበትም።

ስንዴም ዘይትም በብዛት የማይገዛ አገርስ ይተርፋል?

አይተርፍም፤ ማዳበሪያ ይገዛልና። ይህ ከዳቦው በላይ ሊያሳስበን ይገባል። ዩሪያ በአብዛኛው የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ ጋዝ ሲወደድ አብሮ ይወደዳል። ፖታሽ የሚባለው የማዳበሪያ ማዕድን ደግሞ በብዛት የሚወጣው ከካናዳ፣ ከሩሲያና ከቤላሩስ ነው። ቤላሩስ ማዕቀብ ተጣለባት። ሊቱዌኒያም በፌብሩዋሪ 2022 የቤላሩስ ፖታሽ በባቡሯ ወደ ክላይፔዳ ወደብ እንዳያልፍ ዘጋች።

ማዳበሪያ «ሲረክስ እገዛለሁ» የሚባል ዕቃ አይደለም። የኢትዮጵያ የመኸር እርሻ ክረምቱ ሲገባ ነው የሚዘራው። ከረጢቱ ከጅቡቲ ተጭኖ ጎጃም ወይም አርሲ የሚደርሰው መስከረም ላይ ከሆነ ለዚያ ዓመት አይጠቅምም። ስለዚህ ዋጋው ጣሪያ ቢነካም ይገዛል። ወይ መንግሥት በድጎማ ይሸፍነዋል፣ ወይ ገበሬው አንድ ኩንታል የሚያደርግበት ማሳ ላይ ግማሽ ኩንታል አድርጎ ያልፋል። የዚህ ውጤት ወዲያው አይታይም። በዓመቱ ጤፍ ተራ ላይ ይታያል፤ ያኔ ግን ስለ ሩቁ ጦርነት የሚያስታውስ የለም።

ለምንድን ነው ሁሉም ነገር ዞሮ ዞሮ ዶላር ላይ የሚያርፈው?

ሂሳቡ የሚመጣው በዶላር ስለሆነ ነው። አሜሪካ ዶላርን ታትማለች። ጋና ሴዲ፣ ኢትዮጵያ ብር ብታትም በዚያ ነዳጅ የሚሸጥላቸው የለም። ትንሽ አገር ዶላር የምታገኘው ቡና ወይም ወርቅ ሸጣ፣ ቱሪስት ተቀብላ፣ ልጆቿ ከውጭ ልከውላት ወይም ተበድራ ነው። ያጠራቀመችው ክምችት የሚለካውም በወር ነው፦ ያለው ዶላር የስንት ወር ዕቃ ያስገባል? ሦስት ወር ብዙ ጊዜ እንደ ዝቅተኛ ልክ ይወሰዳል። ከዚያ በታች የወረደ አገር አንዲት መርከብ ብትዘገይበት ይጨነቃል።

በ2022 ሁለት ነገር ተደራርቦ መጣ። ዕቃው ተወደደ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ደግሞ በአገሩ ያለውን የዋጋ ንረት ለመግታት ወለዱን ከዜሮ አካባቢ አንስቶ በጁላይ 2023 ከ5 በመቶ በላይ አደረሰው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ስጋት ይህን ያህል ወለድ የሚያገኝ ባለገንዘብ ለድሃ አገር ለምን ያበድራል? በርካታ ድሃ አገሮች ከዓለም ገበያ መበደር አቃታቸው።

ይህ ሱቅ ድረስ የሚወርደው በባንክ በኩል ነው። አስመጪው ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና) ለመክፈት ወራት ወረፋ ይጠብቃል። ሲታክተው ጥቁር ገበያ ይሄዳል። ልዩነቱን ዕቃው ላይ ይጨምራል። ባለሱቁ «ዶላር ጨምሯል» ሲል ሰበብ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን እውነቱን ነው።

ስሪላንካ እንዴት ከሰረች? ጥፋቱ የቻይና ዕዳ ነው የሚባለውስ?

ስሪላንካ 22 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት፣ በትምህርትና በጤና ከጎረቤቶቿ የምትሻል አገር ናት። መውደቅ የጀመረችው ከዩክሬን ጦርነት በፊት ነው። በ2019 የፋሲካ ዕለት አብያተ ክርስቲያናትና ሆቴሎች ላይ የደረሰው የቦምብ ጥቃት ቱሪስቱን አሸሸ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አዲሱ መንግሥት የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 ወደ 8 በመቶ አወረደ፤ ካዝናው ሳሳ። ኮቪድ የቀረውን ቱሪስት አስቀረ። በ2021 ደግሞ መንግሥት በድንገት ኬሚካል ማዳበሪያ ከለከለ። ሩዝ ቀነሰ፣ ሻይም ተጎዳ። ክልከላው ከወራት በኋላ ቢነሳም ወቅቱ አልፎ ነበር።

ከዚያ የ2022 የነዳጅና የእህል ዋጋ መጣ። የዋና ከተማዋ አካባቢ ተማሪዎች ወረቀት መግዣ ዶላር ስለጠፋ ፈተናቸው ተራዘመ። ኤፕሪል 12 ቀን መንግሥት የውጭ ዕዳ መክፈል ማቆሙን አስታወቀ። በሜይ የገንዘብ ሚኒስትሩ ለፓርላማው በእጅ ያለው ዶላር 50 ሚሊዮን እንኳ እንደማይሞላ ተናገሩ። ለአንድ አገር ይህ ምንም ማለት ነው። ሰዎች የነዳጅ ሰልፍ ላይ እያደሩ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ሰልፉ ላይ ሞቱ። በጁላይ ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ጥሶ ገባ፣ ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳም አገር ጥለው ወጡ።

የቻይና ዕዳ ነበረባት፤ ግን ከውጭ ዕዳዋ ትልቁ ድርሻ ቦንድ (መንግሥት ለመበደር የሚሸጠውን የዕዳ ሰነድ) የገዙ የግል አበዳሪዎች ነበር። ጥፋቱን ለአንድ አገር ብቻ መስጠት ጉዳዩን ያድበሰብሰዋል። አገሪቱን ገፍቶ የጣላት የውጭው ዋጋ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያቆማት ግን የራሷ መንግሥት ነው።

መርከብ ላይ የሚተኮስ ሚሳኤል ዕቃ ላይ ዋጋ የሚጨምረው እንዴት ነው?

በመንገዱ ርዝመትና በኢንሹራንስ። ኖቬምበር 19 ቀን 2023 የየመን ሁቲ ታጣቂዎች ጋላክሲ ሊደር የተባለችውን መርከብ ከጠለፉ በኋላ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ በኩል መዞር ጀመሩ። ከእስያ ወደ አውሮፓ ያለው ጉዞ በአሥር ቀንና ከዚያ በላይ ረዘመ። ነዳጅ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የኮንቴይነር ኪራይ ሁሉም ተጨመረ።

በቀይ ባሕር ማለፍ ግድ ለሆነባት መርከብ ደግሞ የጦርነት ኢንሹራንስ ከመርከቧ ዋጋ አንድ በመቶ አካባቢ የደረሰበት ጊዜ ነበር። መቶ ሚሊዮን ዶላር የምታወጣ መርከብ ለአንድ ጉዞ ብቻ አንድ ሚሊዮን ዶላር ትከፍላለች ማለት ነው። ያ ገንዘብ ጎማው፣ ብረቱና መድኃኒቱ ላይ ይከፋፈላል። የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ የሆነው ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የኢትዮጵያ ዕቃ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚገባበት ጅቡቲ ደግሞ እዚያው አፉ ላይ ናት። ግብፅም ለዚህ ጠብ ብዙ ከፍላለች። በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገኘላት ስዊዝ ካናል በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወርዷል።

ከኃያላን ፉክክር የሚያተርፍ ትንሽ አገር የለም?

አለ። ጅቡቲ አንዷ ናት። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት አገር ውስጥ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ከ2017 ጀምሮ ቻይና የጦር ሰፈር አላቸው። አሜሪካ ብቻ በ2014 በተደረገው ስምምነት በዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ኪራይ ትከፍላለች። አርመንና ጆርጂያም በ2022 ኢኮኖሚያቸው ከ10 በመቶ በላይ አድጓል፤ ከሩሲያ የሸሸው ሰውና ገንዘብ ወደ እነሱ ጎረፈ።

ግን ትርፉ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ያን ዓመት በሁለቱ ዋና ከተሞች፣ ዬሬቫንና ትብሊሲ ውስጥ የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ፤ አከራይ ሲጠቀም ተከራይ ከቤቱ ወጣ። ጅቡቲም ወደቧንና ባቡሯን የሠራችው በአብዛኛው በቻይና ብድር ነው። ብዙ ተከራይ ያለው አከራይ አንዱ ተከራይ ሲቆጣ ሌላውን ሊመርጥ ይችላል። ሁሉም በአንድ ላይ ከተቆጡ ግን የት ይገባል?

አንድ ትልቅ አገር ገበያውን ቢዘጋ ምን ይሆናል?

ሌሶቶን ማየት በቂ ነው። ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች አገር ናት። ጂንስ ሰፍታ አጎዋ በተባለው ለአፍሪካ አገሮች በወጣ የአሜሪካ ሕግ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ትሸጥ ነበር። በኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የአዲስ ቀረጥ ዝርዝር ሲያወጡ ሌሶቶ 50 በመቶ ተጣለባት፤ ከሁሉም ከፍተኛው መካከል ነው። ምክንያቱ በሂሳቡ አሠራር ይታያል። በ2024 ሌሶቶ ለአሜሪካ 237 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠች፤ ከአሜሪካ የገዛችው 3 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ ለሽያጩ ተካፍሎ 99 በመቶ መጣ፤ ግማሹ 50 በመቶ ተባለ። የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ድሃ አገር አልገዛም ተብሎ ተቀጣ። እንዲህ ያለ ስሌት ፍትሐዊ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

ቀረጡ ወዲያው ታገደ፤ በኋላም ወደ 15 በመቶ ወረደ። ነገር ግን ገዢዎች በጥርጣሬው ጊዜ ትዕዛዝ አቁመው ነበር። በጁላይ 2025 መንግሥት በሥራ አጥነቱ ምክንያት አገራዊ የአደጋ ጊዜ አወጀ። ኢትዮጵያም ይህን ታውቀዋለች፦ በሰሜኑ ጦርነት ሰበብ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ስትታገድ ሥራቸውን ያጡት ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማሽን ላይ ተቀምጠው ልብስ ይሰፉ የነበሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። ጦርነቱን የጀመረውም ያቆመውም እነሱ አይደሉም።

ታዲያ ገለልተኛ ሆኖ ዝም ማለት አይሻልም?

ዝምታም ዋጋ አለው። የየመን ታሪክ ይህን ያሳያል። ኢራቅ በኦገስት 1990 ኩዌትን ስትወር የመን ከተዋሃደች ገና ጥቂት ወሯ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት አባልም ነበረች። ጉዳዩ በዓረቦች መካከል ይፈታ እያለች ከአሜሪካና ከሳዑዲ ጎን ሳትሰለፍ ቀረች። ሳዑዲ ዓረቢያ ለየመናውያን ሰጥታ የነበረውን ያለ ዋስ የመሥራት መብት በሴፕቴምበር አነሳች። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በጥቂት ወራት ውስጥ ተባረው አገራቸው ገቡ። ይልኩት የነበረው ገንዘብ ቆመ፤ እነሱ ራሳቸው ሥራ ፈላጊ ሆኑ።

ኖቬምበር 29 ቀን ጦር ኃይል መጠቀምን የሚፈቅደው ውሳኔ 678 ቀረበ። የመንና ኩባ ብቻ ተቃወሙ። አንድ አሜሪካዊ ዲፕሎማት ለየመኑ አምባሳደር በሕይወታችሁ ከሰጣችሁት ድምፅ ሁሉ ውዱ ይህ ነው የሚል መልእክት እንደነገራቸው ይነገራል። አሜሪካም 70 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረውን እርዳታ አቆመች። ኢትዮጵያ ያኔ የምክር ቤቱ አባል ነበረች፤ የደርግ መንግሥት የድጋፍ ድምፅ ሰጠ።

ከዚህ «ሁልጊዜ ለኃያሉ እጅ ስጥ» የሚል ትምህርት መውሰድ ልክ አይመስለኝም። የየመን ድክመት አቋም መያዟ ሳይሆን የዶላር ምንጯ በአብዛኛው በአንድ ጎረቤት እጅ መሆኑ ነው። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ብዙ ልጆች ያሏት ኢትዮጵያም ይህን ልታስብበት ይገባል።

አበዳሪዎች ዕዳን ለማሸጋሸግ ለምን ዓመታት ይወስዳሉ?

እርስ በርስ ስለማይተማመኑ ነው። ዱሮ ትልልቆቹ አበዳሪዎች ምዕራባውያን ነበሩ፤ በፓሪስ ክለብ ተሰብስበው ይወስኑ ነበር። አሁን ቻይና ለብዙ የአፍሪካ አገሮች ከመንግሥታት መካከል ትልቋ አበዳሪ ናት፤ ከዚያ ደግሞ ቦንድ የገዙ የግል ባለገንዘቦች አሉ። ቻይና «እኔ ስቀንስ ቦንድ የገዛው ሙሉውን ሊወስድ ነው» ትላለች። ቦንድ የገዛው በተራው ከመንግሥታቱ የባሰ ጉዳት ሊደርስብኝ ነው ብሎ ይሰጋል። ቡድን 20 የተባለው የትልልቅ ኢኮኖሚዎች ስብስብ በኖቬምበር 2020 የዕዳ ማሸጋሸጊያ የጋራ ማዕቀፍ ያወጣው ይህን ለመፍታት ነበር። ዛምቢያ በዚያው ወር መክፈል አቁማ ከመንግሥታት ጋር የተስማማችው በጁን 2023፣ ከቦንድ ባለቤቶች ጋር የጨረሰችው በ2024 ነው። ኢትዮጵያ በ2021 መጀመሪያ ጠይቃ፣ በዲሴምበር 2023 በዶላር የሸጠችውን ቦንድ (ዩሮቦንድ) 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀርታ፣ ከመንግሥታት ጋር የመግባቢያ ሰነድ የተፈራረመችው በ2025 ነው። በእነዚህ ዓመታት ከዓለም ገበያ አዲስ ብድር ማግኘት ከባድ ነው፤ ያልተጠገነው መንገድና ያልተገዛው መድኃኒት ግን ይጠራቀማል።

በዓለም ገበያ ዋጋ ሲወርድ እኛ ጋ የማይወርደው ለምንድን ነው? ጥፋቱ የማን ነው?

የፋኦ መለኪያ በ2023 መጨረሻ ከማርች 2022 ከፍታው ከ20 በመቶ በላይ ወርዶ ነበር። ሱቅ ውስጥ ግን የወረደ የለም። ትልቁ ምክንያት የምንዛሪ ዋጋ ነው። ጁላይ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዱሮ 10 ዶላር የነበረ ዕቃ በዓለም ገበያ ወደ 8 ዶላር ረከሰ እንበል። በፊት 570 ብር ነበር። አሁን በ110 ብር ሲመታ 880 ብር ነው። እርግጥ ብዙ አስመጪ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዋጋ ይሠራ ስለነበር የሁሉም ዕቃ ጭማሪ ይህን ያህል አይደለም። ነዳጅና ማዳበሪያ በመሳሰሉ መንግሥት በባንክ ዋጋ በሚያስገባቸው ላይ ግን በደንብ ይሰማል።

የጥፋተኛውን ነገር ለመለየት ጎረቤት ማየት ይረዳል። ናይሮቢም፣ ካምፓላም፣ አዲስ አበባም ነዳጅ በአንድ ጊዜ ከተወደደ ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው። ጎረቤቶች ጋ ዋጋ ተረጋግቶ አንዱ አገር ብቻ መናሩን ከቀጠለ፣ የዚያን አገር በጀት፣ የገንዘብ ኅትመትና የዶላር አያያዝ መመርመር ይገባል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ነው የሚገኙት። መንግሥት ሁሉንም በሩቁ ጦርነት ሲያሳብብ፣ ተቃዋሚ ደግሞ ሁሉንም በመንግሥት ሲያሳብብ፣ ስንቱ ከውጭ ስንቱ ከቤት እንደሆነ በቁጥር እንዲነግሩን መጠየቅ መብታችን ነው።